ሽቦ የሚልጥ ጥርስ

ጠዋት ጠዋት ሥራ ቦታ እንደ ደረሰ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ከትከሻው እንኳ ሳያወርድ፣ የሽቦ ጫፍ ያነሳና ወደ አፉ ግራ በኩል ያስገባል። ይነክሳል፤ ጣቶቹን አንዴ ያዞራል፤ ይስባል። የሽቦው ሽፋን እንደ ተቀቀለ ባቄላ ልጣጭ ሙልጭ ብሎ ይወጣና መዳቡ ራቁቱን ይቀራል። ሽፋኑን «እትፍ» ብሎ መሬት ላይ ይጥለዋል። እሱ በሠራበት ቤት ሁሉ ከመሰላሉ ሥር ሰማያዊ፣ ቡናማና አረንጓዴ ቁርጥራጭ ተበትኖ ይገኛል፤ ፎቅ የሚጠርጉ ሴቶች ማን እንደ ዋለበት በዚህ ያውቃሉ። ስሙን የሚጠራው ግን የለም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለሁሉም ሰው «ፒንሳ» ነው።

ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሙያውን ያስተማረው አጎቱ ነው። ሽማግሌው «መሰላል ላይ የወጣ ሰው አንድ እጁ የመሰላሉ ነው፤ አንድ እጁ የሥራው ነው። ሦስተኛው እጅህ አፍህ ነው» ይል ነበር። እሱም ሽቦ የሚልጠው በጥርሱ ነበር። በዚህ ሙያ ጥርስ ይነቀላል ሲባል፣ የአጎቱን አፍ ያየ ሰው ነገሩን እንደ ተረት አይሰማውም። መጀመሪያ የሽማግሌው አንድ የጎን ጥርስ ሄደ። ከዚያ ጎረቤቱ ወደ ክፍቱ ቦታ ተንጋደደና እሱም ሄደ። ጥርስ የማያስከድን ቀልደኛ የነበረው ሰውዬ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ መሳቅ ጀመረ። ደንበኞች ስልክ ሲደውሉለት ንግግሩ አልገባ እያላቸው «እስቲ ሌላ ሰው አቅርብልን» ይሉት ጀመር። በመጨረሻ ስልኩ ሲጮህ እያየ ዝም ይል ነበር።

ፒንሳ ሥራ የሚያገኘው በስልክና በምላሱ ነው። ስለዚህ ያ ስልክ፣ ጠረጴዛው ላይ እየጮኸ የሚያነሳው ያጣው ስልክ፣ ከአእምሮው አይጠፋም።

መቀመጥ አያውቅም። ምሳ ሲበላ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ይርገበገባል፤ ብርጭቆው ይንጫጫል። ሰው ቤት ተጋብዞ ሄዶ ቡና እስኪቀርብ ድረስ የሳሎኑን ማብሪያ ፈትቶ ይጠብቃል። በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራው ሚስቱ «እኔ ከሰው ጋር አይደለም የምተኛው፣ ከባቡር ጋር ነው» ትላለች። እሱም «ባቡርስ ቢሆን በሰዓቱ ገብቶልሽ ያውቃል?» ይላታል።

አሁን ግን ጥርሱ ከራሱ ከፒንሳ ብሶ ዕረፍት አጣ። ጥርሱ በግራ በኩል ታች፣ ከክራንቻው ሁለተኛው ነው። ከኋላው ያለው ትልቁ መንጋጋ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ቦታው ባዶ ነው። ይኸኛውም ቀደም ሲል ታሞ ነርቩ ወጥቶ፣ ሥሩ ተሞልቶ፣ አናቱ ተደፍኖ ነበር። ዳነ ተብሎ ተረሳ። ሽቦ ሲስብበት ግን አንድ ቀን ከሥሩ የሆነ ነገር መለሰለት፤ እንደ ሩቅ ማንኳኳት ያለ ነገር። ከዚያ ድዱ አበጠ። ለማንም ሳይናገር ቅርንፉድ ጎርሶ ዋለ፤ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ዋለ፤ ሽቦ መላጡን ወደ ቀኝ በኩል አዛወረና አቃተው። ቀኙ እንግዳ ነው፤ የሽቦውን ውፍረት አያውቅም፣ መዳቡን ጭምር ይቆርጠዋል። ወደ ግራው ተመለሰ። በመጨረሻ ጉንጩ ሲነፋ ሚስቱ አየችውና ምንም ሳትጠይቅ የጥርስ ክሊኒኩ ድረስ በክንዱ ይዛ ወሰደችው።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ራጁን መብራቱ ላይ ለጥፋ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችው። ከጥርሱ ሥር ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር አለች።

«ቁስሉ እዚህ ነው። ከላይ ገብቼ እንዳልደርስበት መንገዱ ተደፍኗል። ድዱን ቀድጄ ከጎን እንዳልደርስበት ደግሞ ለከንፈርዎ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚወጣው እዚሁ አጠገቡ ነው። ብነካው ከንፈርዎ ሊደነዝዝ ይችላል» አለችው።

«ደንዝዞ ይቀራል?»

«ሊቀር ይችላል።»

የፒንሳ እግር ወንበሩ ላይ ይርገበገባል። «ታዲያ ይነቀላ» አለ፤ ድምፁ ግን እንዳይነቀል የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር።

«ይነቀላል። ከዚያ እመልሰዋለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ ጉድጓዱ። ሌላ የት ላስገባው?»

ሚስቱ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ወደ ፊት ሳብ አለች። ሐኪሟ አስረዳች። ጥርሱን ቀስ ብላ ሳትሰብረው ታወጣዋለች። እጇ ላይ ይዛ የሥሩን የታመመ ጫፍ ትቆርጣለች፤ ቀዳዳውን ትደፍናለች፤ ከዚያ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። አጥንቱ ከተቀበለው እንደገና ይይዛል።

የፒንሳ እግር እዚያ ክፍል ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ አለ። «ገባኝ» አለ። «እኔም የተበላሸ የጣሪያ መብራት እዚያው አንጋጥጬ አልጠግንም። አወርደዋለሁ፣ ጠረጴዛ ላይ እሠራዋለሁ፣ መልሼ እሰቅለዋለሁ።»

«ልክ እንደዚያ ነው። ልዩነቱ የእርስዎ መብራት ጠረጴዛ ላይ ቢያድር አይሞትም። የጥርሱን ሥር የሸፈነው ስስ ነገር ግን ቶሎ ይደርቃል፤ ከደረቀ አጥንቱ አይቀበለውም። ስለዚህ መቸኮሉ የኔ ነው። የእርስዎ ሥራ አለመንቀሳቀስ ነው።»

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄን ሰው አያውቁትም።»

«አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልንገራችሁ» አለች ሐኪሟ። «ካወጣሁት በኋላ ሥሩ ተሰንጥቆ ካገኘሁት አልመልሰውም። የተሰነጠቀ ሥር መመለስ ቁስል መልሶ መትከል ነው።» ወደ ፒንሳ ዞረች። «በዚህ ጥርስ ምን ይሠሩበታል?»

«እበላበታለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለው ዶክተር? ጥርስ ነው።»

ሚስቱ ጣሪያውን አየች። ፒንሳም አብሯት ጣሪያውን አየ፤ የመብራቱ ሽቦ በደንብ አልተሸፈነም።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። መድኃኒቱ ግማሽ ፊቱን ካደነዘዘው በኋላ ሐኪሟ ጉጠት የመሰለ መሣሪያ ስታነሳ አየና፣ በተንሻፈፈ አፉ «እሱም ፒንሳ ነው» አለ። ነርሷ ሳቀች። ሐኪሟ አልሳቀችም፤ ሥራ ጀምራለች። ጥርሱን አልሳበችውም። ወደ ጉንጭ፣ ወደ ምላስ፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ምላስ፣ እንደ ተጣበቀ የበር ቁልፍ ቀስ እያለች አላላችው። ፒንሳ ሕመም አልተሰማውም። የተሰማው ከራስ ቅሉ ውስጥ አንድ ነገር ተነቅሎ የሚሄድ ድምፅ ነበር፤ ያም ከሕመም የተሻለ አልነበረም።

ከዚያ ጥርሱን ከአፉ ውጭ አየው። ከገመተው ይረዝማል። ሐኪሟ አናቱን ብቻ ይዛ፣ ሥሩን ሳትነካ፣ መብራቱ ሥር አቀረበችው፤ ነርሷ የጨው ውሃ ታንጠባጥብበታለች። ሐኪሟ ማጉያ መነጽሯን አውርዳ ጥርሱን ዞር አደረገችው። እንደገና ዞር አደረገችው። የፒንሳ ምላስ በራሱ ፈቃድ ወደ ባዶው ጉድጓድ ተነሳ።

«ምላስዎን» አለች ሐኪሟ ቀና ሳትል።

ምላሱን ሰበሰበ፤ እግሩ ጀመረ። ነርሷ ጉልበቱን ተጫነችው። ጉልበቱ ሲቆም ጣቶቹ የወንበሩን ክንድ መታ መታ ማድረግ ጀመሩ። የአጎቱን ስልክ ሰማው። ሐኪሟ ለምን ይኼን ያህል ታየዋለች? ስንጥቁን አይታ ከሆነ ለምን አትናገርም? አጠገቧ ያለውን የብረት ሳህን አየ፤ ደም የነካው ጥጥ አለበት። ጥርሱ ሳህኑ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ አስቀድሞ ሰማው።

«ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነዎት፣ አይደል?» አለች ሐኪሟ።

«እኽ» አለ፤ አፉ ተከፍቶ ሌላ ቃል አይወጣውም።

«አናቱ ላይ ጎድጓዳ መስመር አለ። በቀን በቀን የሆነ ነገር ካልተሳበበት ጥርስ እንዲህ አይቦረቦርም። ከመስመሩ የተነሳ ስንጥቅ አለ…» ፒንሳ ዓይኑን ጨፈነ። «…አናቱ ላይ አልቋል። ሥሩ ጤነኛ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሐኪሟ እጅ ፈጠነ። ትንሿ ሞተር ጮኸች፤ የሥሩ ጫፍ ተቆረጠ፤ ነጭ መሙያ ገባበት። ጥርሱ ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ፒንሳ የተሰማው ሶኬት ውስጥ በትክክል የገባ ሶኬት መሰኪያ ዓይነት ነገር ነበር፤ ትንሽ ይገፋል፣ ከዚያ እሺ ይላል። ጥጥ ላይ እንዲነክስ ታዘዘና ነከሰ። በመጨረሻ ሐኪሟ ከፀጉር ብዙም በማይወፍር ሽቦ በፊት በኩል ካሉት ሁለት ጥርሶች ጋር አጣበቀችው፤ ከኋላው ጎረቤት ስለሌለው አደራው የወደቀው በፊተኞቹ ላይ ነው።

ፒንሳ በመስታወት አየውና «ሽቦው ሽፋን የለውም» አለ።

«እርስዎ አይደሉ ሽፋን የሚልጡት?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ ነበር፤ ወዲያው ተመለሰች። «ለስላሳ ምግብ ብቻ። በግራ በኩል ምንም አይነክሱም። በጣት አይነኩም። በምላስ አይነኩም። ሽቦውን እኔ እስካወጣው ድረስ።»

እጅ ይታሰራል፤ እግር ይታሰራል። ምላስ ግን አፍ ውስጥ ተቆልፎ ከጥርስ ጋር ነው የሚኖረው። ቤት ከገባ ጀምሮ ሚስቱ ጉንጩን ትጠብቃለች።

«ምላስህን አስገባ።»

«አፌ ውስጥ ነው እኮ!»

«እሱንማ አውቃለሁ። ጉንጭህ ተነስቷል። አስገባ ብያለሁ።»

ሾርባ ጠጣ፤ በሻይ የራሰ ዳቦ በላ፤ እንቁላል በላ፤ እንደገና ሾርባ ጠጣ። ሳሎኑን ከመስኮት እስከ በር ለካው። ያልተበላሸውን ቆጣሪ ከፍቶ አየና ዘጋው። የመሣሪያ ቦርሳውን ሲፈልግ አጣው፤ ሚስቱ ደብቃዋለች። ስልክ በተደወለ ቁጥር ያነሳል፤ «አሁን አልችልም» ይላል፤ ሰዎቹ «ምነው ድምፅህ?» ይሉታል። ያቺን ጥያቄ በሰማ ቁጥር ምላሱ ሄዶ ጥርሱን ነካ አድርጎ ይመለሳል፤ መኖሩን ለማረጋገጥ።

አብሮት የሚሠራው ቀለም ቀቢ መጣ። ሁለቱ በሚሠሩበት አዲስ ሕንፃ ውስጥ የአዳራሹ መብራት ሳይሰቀል ጣሪያውን መቀባት አልቻለም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ቀለም በነካው እጁ የበሩን መቃን ላለመንካት እየተጠነቀቀ፣ «ሌላ ሰው ልጥራ ወይስ ትመጣለህ? አንተ የፈለግኸውን ንገረኝ፣ ያኮርፈኛል ብለህ ግን አትፍራ» አለ።

«ጥርስ ተክዬ ነው።»

«ሰምቻለሁ። የተተከለ ዛፍ እንኳ ቦታውን ይዞ ውሃ እየጠጣ ይቆማል። አንተ ግን በመስኮቱና በበሩ መካከል እየተመላለስህ ወለሉን ጨረስከው።»

ፒንሳ «እመጣለሁ» ማለቱን ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

ቦርሳውን ከታጠበ አንሶላ ክምር ሥር አገኘው። በቀላሉ ነው ያገኘው፤ ደባቂዋ ሚስቱ ሆና እንዲህ በቀላሉ መገኘቱ ሊያጠራጥረው ይገባ ነበር። ከሥራ ስትመለስ እንዳያገኛት ፈጥኖ ወጣ።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ቀለም፣ ሲሚንቶና እርጥብ እንጨት ይሸታል። መሰላሉን ወጣ። የጣሪያው መብራት ከባድ ነው፤ በግራ እጁ ወደ ላይ ደግፎ ያዘው። በቀኝ እጁ የሽቦውን ጫፍ አነሳና ሳያስበው ወደ አፉ ወሰደው። ጥርሱ ሳይደርስበት ምላሱ ደረሰበት፤ ሳሙና! የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ፣ ያ የሚያቃጥለው። ተፋ፤ እንደገና ተፋ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ቀለም ቀቢው ከታች በሳቅ ወደቀ።

«ሚስትህ ጨርሳሃለች! ጡት ስታስጥልህ እኮ ነው!»

«እቤት ስገባ እነግራታለሁ» አለ ፒንሳ፤ እሱም እየሳቀ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎታል። ሳይነክስ አምልጧል። ቦርሳው ውስጥ ያሉትን የሽቦ ጥቅሎች አንድ በአንድ አየ፤ የሁሉም ጫፍ ነጭ ተቀብቷል። ሴትዮዋ ማታ ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ጫፍ ቀብታለች ማለት ነው።

ሚስቱ ግን ልብስ አጣቢ እንጂ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይደለችም። ሽቦ ሲለካ ይቆረጣል፤ ሲቆረጥ አዲስ ጫፍ ያወጣል። ፒንሳ ለመብራቱ የሚበቃውን ለክቶ ቆረጠ። ከቀለም ቀቢው ጋር ስለ ሳሙናው እየተቀላለደ ነበር፤ ግራ እጁ ከክብደቱ የተነሳ መዛል ጀምሯል። አዲሱ ጫፍ ንጹሕ ነው። ወደ አፉ ግራ በኩል አስገባ፤ ነከሰ፤ አዞረ፤ ሳበ።

«ቀጭ» አለ።

ሽፋኑ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ቀለም ቀቢው ወሬውን ቀጥሏል። ፒንሳ ግን መሰላሉ ላይ እንደ ሐውልት ቆመ። ምላሱን ላከ። የሐኪሟ ሽቦ አንድ ጫፉ ተላቆ እንደ እሾህ ቆሟል። ጥርሱ… ጥርሱን ለመንካት ፈራ።

«ያዝልኝ» አለ።

«ምኑን?»

«መብራቱን ያዝልኝ አልኩህ!»

መሰላሉን እንዴት እንደ ወረደ አያስታውስም። መንገድ ላይ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይሄዳል። የአንድ ሱቅ መስታወት ፊት ሲያልፍ አፉን የሸፈነ ሰው አየ፤ አጎቱን ነው ያየው። እጁን ከአፉ አወረደ። ወዲያው መልሶ ሸፈነው፤ ጥርሱ እንዳይወድቅበት። በሌላው እጁ ለሚስቱ ደወለ። ብዙ ይናገራል ብላ ስትጠብቅ ሁለት ቃል ብቻ አላት፤ «ክሊኒክ ነይ።»

ሐኪሟ ከምሳ መመለሷ ነበር። ጓንቷን አጠለቀች፤ መብራቱን አወረደች።

«ምን ነከሱ?»

ዳቦ ሊል ይችላል። ጠንከር ያለ ዳቦ ማንም አይከሰስበትም። ሚስቱ ግን በሩ አጠገብ፣ ባለፈው ጊዜ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ፣ ሽርጧን ሳታወልቅ ተቀምጣለች፤ ክፍሉ በሙሉ በእሷ ሳሙና ይሸታል። እጆቿ ከውሃው የተነሳ ተጨማደዋል። ባለፈው ጣሪያውን እንዳየች አሁን ጣሪያውን አላየችም። የምታየው እሱን ነው።

«ሽቦ» አለ።

«ቀጭን ነው ወፍራም?»

«ወፍራሙን።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ያ ባሰበት። ጥርሱን በሁለት መሣሪያ እጀታ በስሱ ከወዲያ ወዲህ ነካችው። «መያዝ ጀምሮ ነበር። አሁን ትንሽ ላልቷል» አለች። በጣቷ ወደ ታች ተጫነችው። ሽቦውን እንደ አዲስ አጣበቀችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ የፒንሳ እግር አልተንቀሳቀሰም፤ ጣቶቹም አልተንቀሳቀሱም። ነርሷ ጉልበቱን ለመጫን ዘርግታው የነበረውን እጇን መለሰች።

«ይይዛል?» አለች ሚስቱ።

«አላውቅም። ሽቦውን ሳወጣ ይታወቃል። ከአሁን ወዲያ እኔ የምሠራው የለም።»

ወደ ቤት ጎን ለጎን ሄዱ። መንገድ ላይ ሚስቱ «ጫፉን ብቻ ነው የቀባሁት» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። «ትቆርጠዋለህ ብዬ አላሰብኩም።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ?»

«ሙሉውን መቀባት ነበረብኝ።»

«ሙሉውን ብትቀቢው ኖሮ ቦርሳዬም መሰላሌም አረፋ ይሆን ነበር» አለ። አልሳቀችም። ቆይታ ግን ክንዱን ያዘች።

ቤት እንደ ገቡ ቦርሳውን ገልብጣ ከሥር አንድ ዕቃ አወጣች፤ እሷ ራሷ ከብዙ ጊዜ በፊት የሰጠችው የሽቦ መላጫ ነው። ከነፕላስቲኩ ነው ያለው። ፕላስቲኩ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር እየተፋተገ ደብዝዟል፤ ውስጡ ያለው መሣሪያ ግን ልክ እንደ ተገዛበት ቀን ያበራል። ፕላስቲኩን በመቀስ ቀዳ መሣሪያውን በእጁ አስያዘችው። ከዚያ ከሆቴሉ የትራስ ልብስ የሚታሰርበት ጥብጣብ አምጥታ እጀታው ላይ ቋጠረችና በአንገቱ አንጠለጠለችው። «እጅህ ወደ አፍህ ሲሄድ መጀመሪያ እሱን ያገኘዋል» አለች።

ቀለም ቀቢው በማግስቱ ሲያየው ብሩሹን አስቀመጠ። «ፒንሳ ፒንሳ ያዘ ብዬ ባወራ ማን ያምነኛል?»

ፒንሳ መላጫውን አነሳ። ጥርስ ስለሚቆጥብ ቃልም መቆጠብ ጀምሯል። መላጫው አዲስ ነው፤ ገና አልላላም፤ የሽቦውን ውፍረት ለይቶ ማስተካከል ይፈልጋል። መጀመሪያ መዳቡን ቆረጠበት። ሁለተኛም ቆረጠበት። አንዴ ከእጁ አምልጦ በጥብጣቡ ተንጠልጥሎ ደረቱን መታው። ከባዱን መብራት በአንድ እጅ ደግፎ መሥራት አልቻለም፤ ስለዚህ ቀለም ቀቢው መሰላሉ ላይ ወጥቶ መብራቱን ያዘለት፤ ሲይዝለትም እንደ ልማዱ ተሳደበ። እንደዚህ ሲሠራ ሥራው ዘገየ። እጁ ግን አሁንም፣ ጥንቃቄው ትንሽ ሲዘናጋ፣ ወደ ላይ ይነሳል፤ ደረቱ ጋ ሲደርስ ጥብጣቡ ይነካውና ይቆማል፤ ለአፍታ አየር ላይ ይቆይና ይወርዳል።

ምላሱም እንደዚያው ነው። ይነሳል፤ ሽቦው አጠገብ ሲደርስ ይመለሳል።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሟ ሽቦውን ታወጣለች። ከዚያ ጥርሱን በሁለት መሣሪያ እጀታ ከወዲያ ወዲህ ትነካዋለች፤ ከተነቃነቀ ትነቅለዋለች፤ ካልተነቃነቀ ቦታው ላይ ይቆያል።